የጥላቻ ንግግር ልጃችሁ ስልክ ላይ ሲመጣ፦ ለይቶ ከማወቅ እስከ መልስ መስጠት

የጥላቻ ንግግር ልጆች ጋ የሚደርሰው መድረክ ላይ ቆሞ በሚጮህ ሰው አፍ ብቻ አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከኳስ ቪዲዮ ሥር ባለ ኮሜንት ነው። ጌም ሲጫወቱ ከማያውቁት ሰው በድምፅ ይመጣል። የክፍል ልጆች ግሩፕ ውስጥ በተለቀቀ ሚም፣ ማለትም ጽሑፍ በተደረበበት አስቂኝ ምስል፣ ይመጣል። ከሳቅ ጋር ተቀላቅሎ ስለሚመጣ ልጁ ስቆ ያልፈዋል፤ ነገሩ ግን ውስጡ ይቀራል።

ይህ መመሪያ ከ13 እስከ 18 ዓመት ያሉ ልጆች ላሏቸው ወላጆች፣ ለታላላቅ ወንድሞችና እህቶች፣ ለመምህራንም ነው። ከላይ ወደታች ተራውን ጠብቃችሁ ብትሄዱ ጥሩ ነው። ልጁ አሁን ዛቻ ደርሶበት ከሆነ ግን ሌላውን ተዉትና ቀጥታ ወደ 7ኛው እለፉ።

1. ስልኩን እንደማትነጥቁት አስቀድማችሁ ንገሩት

ልጆች ያዩትን ነገር ከሚደብቁባቸው ምክንያቶች አንዱ ስልካቸውን እንዳይቀሙ መፍራት ነው። "ይሄን ስልክ ድሮም መግዛት አልነበረብኝም" የሚል መልስ አንዴ የሰማ ልጅ ሁለተኛ አያሳያችሁም። ስለዚህ ንግግሩን ችግር እስኪመጣ አትጠብቁበት። በደህና ቀን፣ ሁላችሁም ዘና ባላችሁበት ሰዓት፣ እንዲህ በሉት፦ "የሚያስጠላ ወይም ግራ የሚያጋባ ነገር ካየህ አሳየኝ። ስልኩን አልወስድብህም። አብረን እናየዋለን።"

ከዚያ ቃላችሁን ጠብቁ። ይሄ ከሁሉም የሚከብደው ክፍል ነው። ልጁ አንድ ቀን መጥቶ ሲያሳያችሁ ደማችሁ ሊፈላ ይችላል፤ እሱ ግን መጀመሪያ የሚያነበው ፊታችሁን ነው። "ጥሩ አደረግህ ያሳየኸኝ" በሉት። ቀጥሎ "አንተ ስታየው ምን ተሰማህ?" ብላችሁ ጠይቁትና ዝም በሉ። እሱ ሳይጨርስ ምክር አትጀምሩ።

2. ምን እንደሆነና ምን እንዳልሆነ አስለዩት

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ስለ ጥላቻ ንግግር ባወጣው ስትራቴጂ ጉዳዩን በግልጽ አስቀምጦታል። በአጭሩ፣ አንድን ሰው ወይም ቡድን በማንነቱ ምክንያት የሚያጠቃ፣ የሚያዋርድ ወይም የሚያገል ማንኛውም ንግግር፣ ጽሑፍ ወይም ድርጊት ነው። ማንነት ሲባል ሃይማኖት፣ ብሔር፣ ዜግነት፣ ዘር፣ ቀለም፣ የትውልድ ሐረግ፣ ጾታና የመሳሰለው ነው። ሥዕል፣ ሚም፣ ኢሞጂም ይጨምራል።

ይህን ለልጅ አንብባችሁ ብትሰጡት ይረሳዋል። ሁለት ጥያቄ ብታስይዙት ግን ይቀርለታል። አንደኛው፦ "የተመታው ማን ነው?" ሁለተኛው፦ "የተመታው ባደረገው ነገር ነው ወይስ በሆነው ነገር?"

"አንተ ደደብ፣ ጌሙን አበላሸህብን" ስድብ ነው። ነውር ነው፣ ያናድዳል፤ ግን የጥላቻ ንግግር አይደለም። "ድሮስ ከእናንተ ዘር ምን ይጠበቃል" ሲባል ግን የተመታው ተጫዋቹ ብቻ መሆኑ ቀርቷል። ወገኑ በሙሉ ተመቷል። "ሚኒስትሩ ዋሽቷል" ትችት ነው፤ "የሚኒስትሩ ወገኖች በሙሉ ውሸታሞች ናቸው" ሌላ ነገር ነው። መንግሥትን፣ ባለሥልጣንን፣ የሃይማኖት መሪን ወይም አስተምህሮን መተቸት በራሱ የጥላቻ ንግግር እንዳልሆነም ልጁ ይወቅ። ይሄን ካልለየ ሁለት ጥፋት ይመጣል። ወይ ያልወደደውን ሐሳብ ሁሉ ጥላቻ ብሎ ይፈርጃል፤ ወይ ደግሞ "ሁሉም ስድብ ነው" ብሎ ከባዱን ነገር ያቃልላል።

ክብደቱም እኩል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 ሞሮኮ ራባት ላይ የተጠናቀቀው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የድርጊት መርሐ ግብር አንድ ንግግር በወንጀል እስከማስጠየቅ ይደርስ እንደሆነ ለመመዘን 6 ነገሮችን ያያል። በምን ሁኔታ ውስጥ ተባለ፣ ማን ተናገረው፣ ምን አስቦ ነው፣ ይዘቱና አቀራረቡ ምን ይመስላል፣ ለምን ያህል ሰው ደረሰ፣ ጉዳት የማስከተል ዕድሉስ ምን ያህል ነው። ለልጆች ይሄ በደንብ ይገባቸዋል። ያው ዓረፍተ ነገር ጥቂት ተከታይ ያለው ልጅ ሲጽፈውና ግጭት በተነሳበት ሳምንት ብዙ ሺህ ሰው የሚሰማው ሰው ሲለው አንድ አይደለም።

3. ምልክቶቹን በአንድ ፖስት ላይ አሳዩት

ዝርዝር ከማስሸምደድ አንድ ፖስት ይዞ መፈታታት ይሻላል። እንዲህ ያለ ነገር ልጁ ግሩፕ ላይ ገባ እንበል። የተቃጠለ ቤት ፎቶ ነው። ከሥሩ እንዲህ ተጽፏል፦ "እነ እገሌ ትናንት ያደረጉት ነው። ሚዲያው አያሳያችሁም። ዛሬ ዝም ያለ ነገ ተራው ይደርሰዋል። ሼር!"

ከፎቶው ጀምሩ። የት ነው? መቼ የተነሳ ነው? ስልኩ ላይ ጉግል ሌንስን ከፍታችሁ ፎቶውን ፈልጉት። እንዲህ ያሉ ፎቶዎች የሌላ አገር፣ የሌላ ዓመት፣ አንዳንዴም የተፈጥሮ አደጋ ሆነው ይገኛሉ። ልጁ ይሄን በራሱ እጅ ሲያገኘው የሚሰማው ነገር ከ10 ምክር ይበልጣል።

ቀጥሎ "እነ እገሌ" የሚለው ላይ ቁሙ። ቤት ያቃጠለ ሰው ካለ ስም አለው፤ በሕግ ይጠየቃል። እዚህ ጋ ግን ተከሳሹ ሰው አይደለም፣ ሕዝብ ነው። "ሚዲያው አያሳያችሁም" የሚለው ደግሞ የማጣሪያውን በር አስቀድሞ ይዘጋል፤ "ሌላ ቦታ አላገኘሁትም" ስትሉ ያለማግኘታችሁ ራሱ ማስረጃ ይሆናል። "ተራው ይደርሰዋል" ፍርሃት ነው። የፈራ ሰው ቀድሞ ቢመታ ራሱን የተከላከለ ይመስለዋል። የመጨረሻዋ "ሼር!" ደግሞ ለማሰብ ጊዜ አትሰጥም።

ከዚህ ሌላ ደጋግመው የሚመጡ ምልክቶች አሉ። ከሁሉም የከፋው ሰውን ከሰውነት ተራ ማውጣት ነው፤ በነፍሳት፣ በአውሬ፣ በበሽታ፣ በቆሻሻ መጥራት። ሩዋንዳ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1993 የተጀመረው ኤርቴኤልኤም የተባለው ሬዲዮ ቱትሲ የተባሉትን የአገሪቱን ብሔር ተወላጆች "ኢንየንዚ"፣ ማለትም በረሮ፣ ይላቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1994 በእነሱ ላይ ጭፍጨፋው ሲጀመር ያው ሬዲዮ ግድያውን ያበረታታ ነበር። ከጀርባው ከነበሩት መካከል ሁለቱን የሩዋንዳ ዓለም አቀፍ የወንጀል ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2003 ጥፋተኛ ብሏቸዋል። ይሄን ለልጆች ስትነግሩ ለማስፈራራት አይሁን። "ቃል ብቻ እኮ ነው" ለሚለው ሐሳብ ያለኝ መልስ ይሄው ታሪክ ስለሆነ ነው የማነሳው።

የተደበቀ ቋንቋም አለ። ማጣሪያ ለማምለጥ ፊደል ይቀያይራሉ፣ ቁጥር ያስገባሉ፣ ቃሉን በኢሞጂ ይተካሉ። በዚህ ላይ ልጆቹ ከእናንተ ይበልጣሉ። "ይሄ ኢሞጂ እዚህ ጋ ምን ማለት ነው?" ብላችሁ ጠይቋቸው፤ እነሱ ያስተምሯችሁ። "ቀልድ ነው፣ አታካብድ" የሚለው መከላከያ ሲመጣ ደግሞ አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ "የሚሳቀው በማን ነው? እሱስ አብሮ እየሳቀ ነው?"

አንዳንድ ሰዎች "የራስህን ወገን ስም አስገብተህ አንብበው" የሚል መፈተኛ ያስተምራሉ። ለጅምር ይረዳል። ሁልጊዜ ግን አይሠራም፤ አንዳንድ ቃል አንዱን ቡድን ብቻ የሚያቆስለው ከኋላው ባለው ታሪክ ነው። እንደ መጀመሪያ ጥያቄ ተጠቀሙበት፣ ፍርድ ግን አትስጡበት።

4. የመጀመሪያዋን ደቂቃ ያሳልፋት

ልጁ ጥላቻ የሞላበት ፖስት ሲያይ እጁ ቀድሞ ይሄዳል። ተናዶ ይጽፋል፣ ወይም "ይሄን ጉድ እዩልኝ" ብሎ ለጓደኞቹ ይልካል። ሁለቱም ፖስቱን ይጠቅሙታል። አልጎሪዝም፣ ማለትም መተግበሪያው ለማን ምን እንደሚያሳይ የሚመርጥበት ሥርዓት፣ የድጋፍ ኮሜንትና የተቃውሞ ኮሜንት የሚለይበት ብዙ አቅም የለውም፤ ሰው የተንጫጫበትን ነገር ለብዙ ሰው ያቀርባል። ስለዚህ ደንቡ ቀላል ይሁን፦ ላይክ የለም፣ ሼር የለም፣ ኮሜንት የለም። ስልኩን አስቀምጦ ይተንፍስ። ሌላውን ለማስጠንቀቅ ከፈለገ ፖስቱን ሳያዛምት በራሱ ቃል ይንገር።

5. ማስረጃ ያስቀምጥ

ይሄ ከብሎክም ከሪፖርትም በፊት ነው። ፖስቱ ከጠፋ ወይም ሰውየው ከተዘጋ በኋላ ማስረጃ ማግኘት ይከብዳል። ስክሪንሾቱ ላይ ጽሑፉ ብቻ ሳይሆን የአካውንቱ ዩዘርኔም፣ ቀንና ሰዓቱ፣ ከላይና ከታች ያለው ንግግርም ይታይ። ከላይ የሚታየው የማሳያ ስም በማንኛውም ሰዓት ሊቀየር ስለሚችል ዩዘርኔሙ ላይ አተኩሩ። የፖስቱን ሊንክ ኮፒ አድርጎ አንድ ቦታ ያስቀምጥ። ላይቭ ከሆነ ስክሪን ሪኮርድ ይጠቀም። ስናፕቻት ላይ ስክሪንሾት ሲነሳ ላኪው ሊያውቅ እንደሚችል ያስታውስ፤ እዚያ ጋ በሌላ ስልክ ፎቶ ማንሳት ይሻላል።

አንድ ነገር ግን ከዚህ ውጭ ነው። የመጣው ነገር ዕድሜው ያልደረሰ ልጅ ራቁት ምስል ካለበት አይቀመጥ፣ ለማንም አይላክ፣ ለማስረጃም ቢሆን። ወዲያው ለመተግበሪያው ሪፖርት ይደረግ፣ ለፖሊስም ይነገር።

6. ሪፖርት፣ ብሎክ፣ ማጣሪያ

መጀመሪያ አብራችሁ አንድ ጊዜ አድርጉት። ሪፖርት የሚደረገው ራሱ ፖስቱ ወይም ኮሜንቱ ነው፤ አካውንቱን ብቻ ሪፖርት ማድረግ ገምጋሚው የቱን እንዲያይ እንደተፈለገ አይነግረውም። ከሚመጡት አማራጮች "ጥላቻ" የሚለውን ይምረጥ፤ "አልወደድኩትም" የሚለውን ከመረጠ ጉዳዩ ሌላ መንገድ ይሄዳል። እንደ ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ቲክቶክ ባሉት ላይ ሪፖርት ያደረገው ማን እንደሆነ ለተከሰሰው ሰው አይነገርም። ልጆች ይሄን ሳያውቁ ፈርተው ይተዉታል።

መልሱ "ደንባችንን አልጣሰም" ሊሆን ይችላል። ልጁ ቅስሙ እንዳይሰበር አስቀድማችሁ ንገሩት። እንደገና እንዲታይ የሚጠየቅበት ቁልፍ ካለ ይጫነው። በትንንሽ ቋንቋዎች የተጻፈ ነገር ብዙ ጊዜ በደንብ አይገመገምም፤ ይሄ የሚታወቅ ድክመት ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት መርማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ማይናማር ውስጥ ፌስቡክ ጥላቻ ለሚነዙ ሰዎች መሣሪያ እንደሆነ፣ የኩባንያው ምላሽም ዘገምተኛና ውጤት አልባ እንደነበር ጽፈዋል። ኩባንያውም በዚያው ዓመት በቂ ሥራ እንዳልሠራ አምኗል። ሪፖርት አይረባም ማለቴ አይደለም። አንድ "አይሆንም" የሚል መልስ ልጁ ተሳስቷል ማለት እንዳልሆነ ግን ማወቅ አለበት።

ከዚያ ብሎክ ያድርግ። የሚያስጨንቀው የክፍል ልጅ ሆኖ ብሎክ ማድረግ ሌላ ጣጣ የሚያመጣበት ከሆነ ኢንስታግራም ላይ ሪስትሪክት የሚባል አማራጭ አለ። ሰውየው አያውቅም፤ ኮሜንቱ ግን ልጁ ካልፈቀደ በቀር ለሌላ ሰው አይታይም። ኢንስታግራምና ቲክቶክ ላይ የተመረጡ ቃላት ያሉበትን ኮሜንት የሚደብቅ ማጣሪያም አለ። ቃላቱን ልጁ ራሱ ያስገባ፤ በፊደል የተቀያየሩትንም ይጨምር። በቴሌግራምና በዋትስአፕ ግሩፖች ውስጥ ደግሞ ዋናው ሰው አድሚኑ ነው። ለእሱ በግል ይጻፍለት። አድሚኑ ራሱ ከሆነ ችግሩ፣ መውጣት ነው።

7. የተመታው ልጃችሁ ከሆነ

"ተወው፣ ቃል ነው" አትበሉት። ሰውነቱ ላይ ያረፈ ነገር ባይኖርም የተነካው ስሙ፣ ቤተሰቡ፣ እምነቱ ነው። "ጥፋቱ ያንተ አይደለም" በሉት፤ ይሄን ዓረፍተ ነገር ከአፋችሁ መስማት አለበት።

ኮሜንቶቹን ደጋግሞ እያነበበ እንዳይቀመጥ እናንተ አንብቡለት። አዲስ ነገር ካለ እናንተ ያዙት፣ ማስረጃውን እናንተ አስቀምጡ። እንቅልፉን፣ ምግቡን፣ ትምህርት ቤት የመሄድ ፍላጎቱን ተከታተሉ። ከተለወጠና ካልተመለሰ ወደ ባለሙያ ውሰዱት። ራሱን ስለመጉዳት ካወራ ግን ዛሬውኑ ሐኪም ይየው፤ ብቻውንም አትተዉት።

የጻፈው የትምህርት ቤቱ ልጅ ከሆነ ማስረጃውን ይዛችሁ ለትምህርት ቤቱ አስታውቁ። የሌላውን ልጅ ወላጅ ቤት በቁጣ መሄድ ነገር ያከራል፤ ልጃችሁንም ነገ ክፍል ውስጥ ብቻውን ያስቀረዋል። አድራሻ፣ የትምህርት ቤት ስም፣ የቤተሰብ ፎቶ ተጠቅሶ ዛቻ ከመጣ ግን ጉዳዩ ከመተግበሪያው ወጥቷል። መልስ አይሰጥ። ሊንኩንና ስክሪንሾቱን ይዛችሁ ፖሊስ ጋ ሂዱ፤ አካውንቱንም ፕራይቬት አድርጉት።

8. መልስ ይስጥ ወይስ አይስጥ?

የልጅ ግዴታ አይደለም። ዝም ብሎ ሪፖርት አድርጎ መሄድ ሙሉ መልስ ነው። መጻፍ ከፈለገ ግን ሦስት ነገር ያጣራ። በእውነተኛ ስሙ ቢጽፍ የሚከተለው አደጋ አለ? ጸሐፊውን በአካል ያውቀዋል? እዚያ ጋ የሚያነብ ሌላ ሰው አለ? የመጨረሻው ጥያቄ ትልቅ ነው። የጻፈውን ሰው ሐሳብ ማስቀየር ከባድ ነው፤ ዝም ብለው የሚያነቡት ሰዎች ግን ብዙ ናቸው። መልሱ ለእነሱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመ አንድ ጥናት የስዊዘርላንድ ተመራማሪዎች ትዊተር ላይ ዘረኛ ነገር ለጻፉ ሰዎች ሦስት ዓይነት መልስ ልከው ነበር። አንዱ ቀልድ፣ አንዱ "ሰው ያይሃል" የሚል ማስጠንቀቂያ፣ አንዱ ደግሞ የተመቱት ሰዎች ምን እንደሚሰማቸው የሚያስታውስ። ለውጥ ያመጣው ሦስተኛው ነው፤ ለውጡ ትንሽ ቢሆንም። እኔም ለልጆች የምመክረው ይሄንኑ ነው። አንድ ልጅ ግሩፕ ላይ "እነ እገሌ ሲባሉ ሌቦች ናቸው" ብሎ ቢጽፍ መልሱ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ "የሰረቀህ ሰው ካለ ስለ እሱ ንገረን። ይሄን ግን ምንም ያላደረገ የእነሱ ልጅ ቢያነበው ምን ይሰማዋል?" አጭር ነው። ስድብ የለበትም። አንዴ ጽፎ ይውጣ፤ ሰውየው ቢመልስም ክርክር ውስጥ አይግባ።

ጸሐፊው ጓደኛው ከሆነ ሰው ፊት አይናገረው። ሰው ፊት የተነካ ልጅ ላለመሸነፍ ብቻ ይከራከራል። በግል፦ "አንተን ስለማውቅህ ነው፣ ያ ፖስት አልተመቸኝም። ብታጠፋው ደስ ይለኛል።" ይሄ ብዙ ጊዜ ይሠራል።

ብዙ ሰው የሚረሳው ደግሞ የተመታውን ልጅ ነው። ሁሉም ከተሳዳቢው ጋር ሲጨቃጨቅ እሱ ብቻውን ይቀመጣል። "አየሁት። ትክክል አይደለም። ደህና ነህ?" የሚል መልእክት ለመጻፍ ድፍረትም ክርክርም አይጠይቅም።

9. የጻፈው ልጃችሁ ራሱ ከሆነ

ይሄ በማንም ቤት ይመጣል። ልጁ ሊያስቅ ብሎ፣ ከጓደኞቹ እንዳይለይ ብሎ፣ ወይም ቤት የሰማውን ደግሞ ሊጽፍ ይችላል። የመጨረሻው ከሆነ ንግግሩ ከእናንተ መጀመር አለበት፤ "እኔም እንዲህ ብያለሁ፣ ልክ አልነበርኩም" ማለት ልጅ ፊት አያሳንስም።

"አንተ ዘረኛ ነህ" አትበሉት። "የጻፍከው ነገር ሰው ጎድቷል" በሉት። የመጀመሪያው የማይቀየር ስም ሲሆን ሁለተኛው ሊጠገን የሚችል ድርጊት ነው። ከየት እንዳገኘው ጠይቁ። የሚከታተላቸውን ገጾች አብራችሁ እዩ፤ የሚያናድዱትንና በሰው ማንነት የሚያሾፉትን ለይታችሁ "አልፈልግም" የሚለውን ተጫኑ። በቀጣዮቹ ቀናት የሚቀርብለት ነገር ቀስ በቀስ ይለወጣል።

ፖስቱን ያጥፋ፤ በዝምታ ግን አይሁን። የጻፈው ግሩፕ ላይ ከሆነ ይቅርታውም ግሩፑ ላይ ይሁን። ቃሉን ራሱ ይጻፍ፣ እናንተ አትጻፉለት። ሳይልከው በፊት ግን አብራችሁ አንብቡት። "ካስቀየምኳችሁ ይቅርታ" የሚል ከሆነ ይመልሰው፤ ጥፋቱን ወደተጎዳው ሰው እየገፋ ነው። "ትናንት ስለ እነ እገሌ የጻፍኩት ስህተት ነው። አጥፍቼዋለሁ። ይቅርታ።" ይሄ ይበቃል። ከላከ በኋላ ጓደኞቹ ሊያሾፉበት ይችላሉ፤ በዚያ ምሽት ከእሱ ጋር ሁኑ።